የገዛኸኝ ጋቢ

ተናኜ በዚያን ዕለት ጠዋት ያገለገለ ዳይፐር ስታጥብ ተያዘች። በፍሬ ሠላሳ ብር የተገዛ ዕቃ አንዴ ሽንት ነክቶታል ተብሎ ሲወረወር፣ ይኸው ስልሳ ሦስት ቀን ሙሉ አንጀቷን ሲያሳርራት ከርሟል። በሷ ቤት ነገሩ ቀላል ነው፤ ጨርቅ ከሆነ ይታጠባል፣ ከታጠበ ይደርቃል፣ ከደረቀ መልሶ ይታሰራል። ስለዚህ ምራቷ ሳትነቃ ሳፋዋን ይዛ ጓሮ ወጣች፣ ቁጢጥ አለችና የልብስ ሳሙና እየመታች ታሸው ጀመር። ዳይፐሩ ግን ጨርቅ አልነበረም። የሰጠችውን ውሃ ሁሉ ጠጣው። የቦኖ ውሃ ከጠፋ ስድስተኛ ቀኑ ስለነበር ሳፋው ውስጥ ያለው በአህያ ጋሪ የመጣ፣ ጀሪካኑ ሃያ ብር የተከፈለበት ውሃ ነው። እሱን ምጥጥ አድርጎ ጠጣና እንደ ትራስ ተነፋ፣ ከዚያ እጇ ላይ ፈነዳ። ከሆዱ የወጣው ነገር የተዘፈዘፈ ተልባ ይመስል ጣቶቿ መሃል ተሙለጨለጨ። ደንግጣ ብታራግፈው ቀሚሷ ላይ ሄደ፤ ከቀሚሷ ብትጠርገው ክንዷ ላይ ወጣ። ሜሮን ሕፃኗን ታቅፋ ብቅ ስትል አማቷ ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ፣ በስመ አብ፣ በስመ አብ ትላለች።

ሜሮን ሳቀች። ከወለደች ወዲህ እንዲህ ከልቧ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቋ ሕፃኗን ሳይቀር አነቃነቃትና፣ እሱ እኮ አይታጠብም እማዬ፣ ተሠርቶ የመጣው ለመጣል ነው አለቻት። ተናኜም እጇን አፈር ላይ እየፈተገች አብራት ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮዋ አልወረደም። የምትስቅ ሴት ምንም አታውቅም ማለት ነው ብላ ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ይህ ሳቅ የቀረው አሥራ ሰባት ቀን ብቻ መሆኑ ትዝ አላት።

ገዛኸኝ ሞቷል። ለተናኜ አንድያ ልጇ፣ ለሜሮን ባሏ፣ ለዚህች ጨቅላ አባቷ የሆነው ሰው ልጁን በዓይኑ ሳያይ ከጅቡቲ ማዶ ባሕር ላይ ቀርቷል። ሜሮን የአራት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ነበር በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ሳዑዲ የተነሳው። ጀልባዋ ስትገለበጥ ከተረፉት አንዱ የሰፈራቸው ልጅ ኡበይድ ነው። ከሃያ ቀን በፊት ቆቦ ሲገባ ግን ወደዚህ ቤት አልመጣም፤ መርዶ እንደ ሰላምታ በር ላይ አይነገርምና በቀጥታ የሄደው ወደ ተናኜ ወንድም ወደ ብርሃኑ ነው። ብርሃኑ የዕድር ዳኛ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር መክሮ እህቱን ቤቱ ድረስ አስጠራትና ጓዳ አስገብቶ ነገራት። እዚያው ጓዳ ውስጥ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎስጉሳ አለቀሰች፣ ከዚያም ፊቷን ታጥባ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ለምራቷ አይነገርም ተብሏልና። አራስ ናት። ድንጋጤ ጡት ያደርቃል፤ ጡቷ ከደረቀ ደግሞ ሕፃኗን በቆርቆሮ ወተት የሚያሳድግ አቅም በዚህ ቤት የለም። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ተባለ፤ በክርስትናው ማግስት ሽማግሌዎቹ መጥተው መርዶውን ሊነግሯት ቀን ተቆረጠ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ለሷ የተሰጣት ወሬ ገዛኸኝ የመን ታስሮ ስልኩን ተቀምቷል፣ ሲፈታ ይደውላል የሚል ነው።

ልጅ የሞተባት እናት ጥቁር ትለብሳለች፣ ፀጉሯን ትላጫለች፣ ወገቧን ትታጠቃለች፣ መሬት ላይ ትተኛለች። ተናኜ ከነዚህ አንዱም አልተፈቀደላትም። እንደ ወትሮዋ አበባ ያለበት ቀሚሷን ለብሳ ጠዋት ሽንኩርት ለቀማ ትወርዳለች፣ ማታ ምራቷ ፊት ቁጭ ብላ እህል ታላምጣለች። የቤቱ ስፋት አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ነው፤ በመጋረጃ የተለየውን አልጋ ለአራሷ ለቃ እሷ መደቡ ላይ ታድራለች፣ በመካከላቸው ያለው ያ መጋረጃ ብቻ ነው። አንዷ ስትገላበጥ ሌላዋ ትሰማለች። እንዲህ ተጠጋግቶ እየኖሩ ሞትን ያህል ነገር መደበቅ ምን ያህል እንደሚያደክም የደበቀ ያውቀዋል። የምትጽናናው በአንድ ነገር ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ ባለው በገዛኸኝ ጋቢ። ጥጡን ራሷ ዳምጣ፣ ራሷ ፈትላ፣ ለሠርጉ ያለበሰችው ነው። የሚያሻግራቸው ደላላ ዕቃ አትያዙ ብሎ ስለነበር ትቶት ሄደ። ብርሃኑ ያን ቀን ጓዳ ውስጥ፣ "አስከሬን የለን፣ መቃብር የለን። የለቅሶው ዕለት አልጋ ላይ የምንዘረጋው ጋቢውን ነው። አስከሬኑ እሱ ነው፤ ደህና አድርገሽ አስቀምጪው" ብሏታል። ሬሳ በሌለበት ልብስ ይለቀሳል፣ ያገሩ ወግ ነው። ተናኜ የሳጥኑን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው።

ዳይፐሩ ደግሞ የገዛኸኝ ቃል ነው። መጨረሻ የደወለው ከጅቡቲ ዳርቻ ከኦቦክ ነበር፣ ሜሮን ልትወልድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ በሰው ስልክ፣ ነፋስ እየጮኸበት። የሚወለደውን ልጅ እንደኛ በእራፊ እንዳታስሪው፣ ዳይፐር ግዢለት፣ እኔ እልክልሻለሁ አላት። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ነገር ነው። ሜሮን ግን ቃሉን ጨብጣ ያዘች። አራስ ጠያቂ ትራሷ ሥር ያስቀመጠላትን ብር ሁሉ ዳይፐር ገዛችበት፣ ተናኜ የሽንኩርት ለቀማዋን ጨመረችበት። ያ ሲያልቅ እሽጉ ቀርቶ በፍሬ መግዛት መጣ፣ በቀን አራት የነበረው ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ወረደ። ጠዋት የታሰረው እስከ ማታ ይውላል። በቆቦ ሙቀት ላስቲክ ውስጥ ታሽጋ የምትውል የሁለት ወር ሕፃን ምን እንደምትሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ጭኗ ተላጠ፣ መቀመጫዋ ቀላ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ። ትናንት ጤና ጣቢያ ወስደዋት ነርሷ ቅባት ሰጠችና ዳይፐሩን ተዉት አለች፤ በፈላ ውሃ የታጠበ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አድርጉላት፣ አለዚያ ቁስሉ ያመረቅዛል። ተናኜ ዳይፐሩንም ካጠበችው ለስላሳ ጨርቅ የሚሆንላት መስሏታል። በባጃጅ ሲመለሱ ሜሮን የባሏን ቃል ያፈረሰች መስሏታል።

ዛሬ ሳቋ ሲበርድላት፣ "እማዬ፣ የገዛኸኝን ጋቢ ቀደን ጨርቅ ብናደርግላትስ?" አለቻት።

ስታስበው እንዳደረች ያስታውቃል። እዚህ ቤት ሌላ የጥጥ ነገር እንደሌለ ተናኜም ታውቃለች፤ ነጠላዋ ናይለን የገባበት ነው፣ የራሷን ጋቢ ለደላላው የሚከፈለው ሲሟላ ሸጣዋለች። እጇን መፈተግ ትታ ቀና አለች። እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ብላ? ለልቅሶ ያስቀመጥኩት ነው ልትል?

"እሱስ ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?" አለች በመጨረሻ። ቃሉ ሲወጣ አፏን መረራት።

ሜሮን ከፈገግታዋ አልወጣችም። ሳዑዲ ደርሶ የመጣ ሰው ጋቢ ይቸግረዋል እንዴ አለች። ደግሞ ለልጁ ነው፤ ቢሰማ እሱ ራሱ ቅደጂው ይል ነበር እንጂ ይቀየማል? አይቀየምም አለች ተናኜ። ከዚያ ቶሎ ብላ፣ ጋቢ ለሕፃን ይከብዳል፣ ገበያ ወርጄ አቡጀዲ ልግዛ፣ እሱም ጥጥ ነው አለቻት። ሜሮን ለብሩ አዘነች እንጂ አልተከራከረችም፤ ሕፃኗን ራቁቷን ፀሐይ ላይ አስተኝታ ቅባቱን ስትቀባት ተናኜ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ገና ሦስት ሰዓት ነው፣ ግን ፀሐይዋ ናላ ታዞራለች። አስፋልቱ ላይ ባጃጆች ይርመሰመሳሉ፤ ከወዲያ ሚኒባስ ላይ የተንጠለጠለ ረዳት ጎብዬ፣ ሮቢት እያለ ይጣራል። መንገድ ላይ ያገኟት ሴቶች ከወትሮው ጠበቅ አድርገው ሳሟት። ምራቲቱ አብራት አለመኖሯን ካዩ በኋላ ደግሞ እጇን ይዘው ይቆያሉ። አንዷም እግዜር ያጥናሽ አላለቻትም። መርዶው በወጉ ሳይነገር፣ ልቅሶው ሳይወጣ ማጽናኛ አይባልም፤ ነውር ነው። ተናኜ ይህን ታውቃለች፣ አትፈርድባቸውም። ግን ሃያ ቀን ሙሉ እነዚህን ሁለት ቃላት የሚላት ሰው ርቧት ነበር፤ መራቧንም ለራሷ አልነገረችም።

ሰላሁዲን ጨርቅ የሚሸጠው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። የወዲያኛው ሰፈር ሰው ስለሆነ የሷን ጉዳይ አልሰማም፤ ተናኜ እሱ ሱቅ የሄደችውም ለዚሁ ብላ ነው። ነጭ አቡጀዲ ጠየቀችው። ስንት ሜትር ሲላት አራት አምስት ይበቃኛል አለችው። ሰላሁዲን ጣቃውን አውርዶ ሊተረትር ሲል ቀና ብሎ አያት። ዕድሜዋ የገፋ ሴት፣ ብቻዋን፣ በጠዋት፣ ነጭ አቡጀዲ፣ አምስት ሜትር። ሃያ ዓመት በዚህ ሱቅ ሲቆም ይህ ሒሳብ ተሳስቶበት አያውቅም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለመገነዣ መሆኑ ገብቶኛል አላት፤ ሜትሩ መቶ ሰማንያ ነው፣ ለርስዎ ግን በመጣበት ዋጋ እቆርጥልዎታለሁ፣ እኔም አባቴም ለሟች ጨርቅ ትርፍ ይዘን አናውቅም።

"አላህ ያጥናዎት፣ እናቴ" አላት።

ለሕፃን ነው ልትል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ግን ያ "ያጥናዎት" ጆሮዋ ሲገባ የሱቁ ደፍ ላይ ቁጭ አለችና አሜን አለች። አሜን፣ አሜን አለች ደጋግማ፣ እንባዋም መጣ። በወንድሟ ጓዳ የታፈነ፣ በገዛ ቤቷ የተከለከለ እንባ እንጀራ ፈላጊ በሚተላለፍበት መንገድ ዳር፣ በማያውቃት ጨርቅ ነጋዴ ፊት ወረደ። ሰላሁዲን የሞተው ማን እንደሆነ አልጠየቃትም። ውሃ በብርጭቆ አቀረበላትና ሜትሩን አንስቶ ይለካ ጀመር። ለረጅም ሰው ነው ለአጭር አላት፣ እንደ ሥራው።

"ረጅም ነበር" አለች ተናኜ።

አምስት ሜትር ከግማሽ ቆርጦ አጣጥፎ ሲሰጣት ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገችው። አዲስ፣ ድርቅ ያለ፣ የሙጫ ሽታ ያለው ነጭ። ለገዛኸኝ ሊገዛለት የሚገባው ይኸው ነበር። እሱ ግን ማንም ሳያጥበው፣ ማንም ሳይገንዘው፣ በለበሰው ሱሪ ነው የሄደው። አሁን ይህን ወስዳ የልጁን ሽንት ልታስርበት ነው? መገነዣ ተብሎ የተለካ፣ ያጥናዎት የተባለበት ጨርቅ የሕፃን ገላ ላይ ልታደርግ? እጇ እምቢ አላት። ጨርቁን መልሳ ባንኮኒው ላይ አኖረችና፣ ሌላ ሰው እልካለሁ አለችው። ሰላሁዲን ብር ያነሳት መስሎት እንዲሁ ይውሰዱት አላት። መርቃው ወጣች።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ከራሷ ጋር እየተሟገተች ነው። ጋቢውን ከሰጠች የለቅሶው ዕለት አልጋው ባዶ ይሆናል። ሰው ምኑን አይቶ ያልቅስ? ፎቶግራፉ እንኳ ከትምህርት ቤት መታወቂያ ላይ የቀረ፣ አውራ ጣት የማያህል ነው። ካልሰጠች ደግሞ ለሙት ብላ ሕያዋን ታቆስላለች። እምቢታዋም ራሱ ይናገርባታል፤ ሜሮን ልጅ ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም። የሞተ ተጎዳ ይላል ሰው፤ እስቲ ይሁን። ጋቢውን ቆልፋ ማስቀመጧ፣ እውነቱን ከተናገሩ፣ ለለቅሶው ብቻ አልነበረም። ባሕር ውስጥ ይበርደው ይሆን የሚል ሐሳብ ሃያ ቀን ከልቧ አልወጣም፤ አንድ ቀን ብርድ ይዞት የሚመጣና ጋቢዬን ስጪኝ የሚላት ይመስላት ነበር። ሞኝነት ነው፣ ታውቀዋለች። በሯ ላይ ስትደርስ የሕፃኗን ልቅሶ ሰማች። ቁስል የሚያመው ሕፃን ልቅሶ ከረሃብ ልቅሶ ይለያል፤ ሦስት ወልዳ ሁለቱን በሕፃንነታቸው የቀበረች ሴት ይህን አታጣውም። ሙግቱ እዚያ ላይ አለቀ።

ያገኘሁት አቡጀዲ ሻካራ ነው፣ ቁስሏን ይልጣታል አለቻት ለሜሮን። ከአንገቷ ቁልፉን ፈትታ ሳጥኑን ከፈተች። ጋቢው በአራት ታጥፎ ከላይ ነበር፣ ለብል ተብሎ የተጣለለት መድኃኒት ሽታ ቤቱን ሞላው። ሜሮን መቀስ አምጥታ ልትጀምር ስትል ተናኜ ከእጇ ወሰደችባት። "እኔ ነኝ የፈተልኩት፤ እኔው ልቅደደው" አለች። ሜሮን ሕፃኗን አልጋው ላይ አድርጋ የጋቢውን አንዱን ጫፍ ያዘች። መጀመሪያ የድርቡን ስፌት ፈቱ። ከዚያ ተናኜ ጠርዙን በመቀስ ነከስ አደረገችና ሁለቱም ወደየራሳቸው ሳቡ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ሲቀደድ ድምፁ ረጅም ነው፣ ቶሎ አያልቅም። ተናኜ ዓይኗን ከጨርቁ አላነሳችም። እያንዳንዷን ክር ታውቃታለች፤ ይሄ የፍልሰታ ጾም ላይ የፈተለችው ነው፣ ይሄ ጥጡ አልቆባት ከጎብዬ ያስመጣችው፣ ይሄ ጣቷ ቆስሎ የወፈረባት። ሜሮን ታወራለች። ሲመጣ ጋቢዬ የት ሄደ ሲል አልጋው ላይ ተዘርግቷል እለዋለሁ አለች። ደግሞ ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ያ ሁሉ መድኃኒት ተጥሎበትም እሱን እሱን ይሸታል አለች። ተናኜ አላሸተተችም፤ ብታሸት እንደማትችለው አውቃለች። ሲጨርሱ አሥራ ሁለት ቁራጭ ወጣው፣ አልጋው ላይ ተደራርቦ ሲታይ ጋቢ ነበር ብሎ የሚያምን የለም።

ከቀትር በኋላ ውሃ መጣ የሚል ጩኸት ተሰማ። ቦኖው ከነሱ በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን እየጎተቱ ተሰለፉ፤ ተናኜም አሥራ ሁለቱን ቁራጭ በሳፋ ተሸክማ ወጣችና የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ ተቀመጠች። መድኃኒቱ እንዲለቅ መጀመሪያ በቀዝቃዛ መታጠብ አለበት፣ ከዚያ ይቀቀላል። የመጀመሪያውን ቁራጭ ነክራ፣ ሳሙና መትታ፣ አጣጥፋ ድንጋዩ ላይ መታችው። ደግማ መታችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመታ ክንዷ ከሷ ቁጥጥር ወጣ። ደረቷን ልትመታ ያልተፈቀደላት እናት ድንጋዩን መታች፣ ሳታቋርጥ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ውሃው ፊቷ ላይ እየተረጨ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ዞረው አዩ። ነጩን ጥጥ አዩ፣ የጠርዙን ስፌት አዩ። ብርሃኑ ለለቅሶ አስቀምጪው ያለው ጋቢ እንደሆነ ከነሱ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ቀድማ የመጣችው ጎረቤቷ መይሙና ናት። ገዛኸኝን በሕፃንነቱ ከገዛ ልጇ ጋር ጡት ያጠባችው እሷ ናት። ተራዋ ደርሶ ነበር፤ ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር ትታ መጣችና ከተናኜ ፊት ለፊት ቁጢጥ አለች። "ስጪኝማ" አለች በሹክሹክታ፣ "እኔም ልጠብ። ሶብር አድርጊ፣ ቻይው እህቴ።" አንዱን ቁራጭ አንስታ ድንጋዩን ትመታ ጀመር። ከዚያ አስረሳሽ መጣች፣ የሰፈሩ አልቃሽ፣ በየለቅሶው ቤት ሙሾ የምታወርደው። እሷም አንዱን አነሳች። ከዚያ ሌሎች ሁለት፣ ከዚያ ሌላ ሦስት፤ ውሃው ሳይቀዳ መሬት ላይ ይፈሳል፣ በስንት ቀኑ የመጣ ውሃ፣ የሚዘጋው ሰው የለም። ድንጋይ ያልደረሳት የሳፋውን ጠርዝ፣ ያም ያልደረሳት ጭኗን ትመታለች። ምቱ መጀመሪያ የተበታተነ ነበር፤ ቀስ እያለ አንድ ሆነ። አስረሳሽ ከንፈሯን ነክሳ ብትይዘውም ዜማው በአፍንጫዋ ወጣ፣ ቃል የሌለው፣ ግን ሙሾ መሆኑን ለሰማ የማይሰወር። ተናኜ ዓይኗን ጨፍናለች። ሃያ ቀን የጠበቀችው ይህ ነበር፣ እውነት ለመናገር ደስ የሚል ነገር ነበረው። ልጄ አለች በሆዷ፤ ይኸው ሰው ወጣልህ።

ሜሮን ድምፁን ሰምታ ሕፃኗን እንደታቀፈች በር ላይ ብቅ አለች። ሴቶቹን አየች። ስምንት ሴት አንድ ሳፋ ከብቦ። ፈገግ አለችና፣ "ለአንዲት ሕፃን ጨርቅ ይሄ ሁሉ አጣቢ? ለቅሶ አስመሰላችሁት እኮ" አለች።

የሚስቅላት ሰው ጠበቀች። ምቱ ቆመ። አስረሳሽ ዜማዋን ዋጠች፣ መይሙና ፊቷን ወደ ሳፋው አቀረቀረች፣ ሌሎቹ እጃቸውን ይዘው መሬት መሬት አዩ። ሜሮን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተመለከተች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀርቷል፣ ማንሳት የረሳችው ነገር ይመስላል። ዓይኗ በመጨረሻ ተናኜ ላይ ደረሰ። ተናኜ አንድ ነገር ማለት ነበረባት። ሳሙናው ነው፣ ወይም የአስረሳሽ ዘመድ ሞቶ ነው፣ ወይም ምንም። አሥራ ሰባት ቀን ነው የቀረው፤ ሃያ ቀን የዋሸ አፍ አሥራ ሰባት ቀን አያቅተውም። እሷ ግን ከድንጋዩ አጠገብ ተነሳች፣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ወደ በሩ ሄደችና ሁለት ክንዷን ዘረጋች።

"ልጂቱን ስጪኝ፣ የኔ ዓለም" አለቻት።

መርዶ የሚነገራት እናት ሕፃን ታቅፋ አይነገራትም፤ ደንግጣ እንዳትጥለው መጀመሪያ ልጁን ከእቅፏ ይቀበሏታል። በራያ ይህን የማታውቅ ሴት የለችም። ሜሮንም ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት የአስረሳሽ ምራት ባሏ ሲሞት ሕፃኑን ከእቅፏ የተቀበለችው ራሷ ሜሮን ናት፤ ስጪኝማ ልያዝልሽ ብላ፣ ልክ እንዲህ ሁለት ክንዷን ዘርግታ። የአማቷን እጅ አየች። ከእጁ ጀርባ የቆሙትን ሴቶች አየች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

"አልሰጥም" አለች።

ተናኜ እጇን እንደዘረጋች ናት፤ መልሳ ልታጥፈው ጊዜው አልፏል።

"አልሰጥም እማዬ፤ እየጠባች ነው" አለች ሜሮን እንደገና፣ ድምፅዋ ጭራሽ ሳይሰበር። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። የቀሚሷን ቁልፍ ፈትታ ጡቷን አወጣችና ወደ ሕፃኗ አፍ አስጠጋችው፣ በሌላ እጇም የሕፃኗን ራስ አጥብቃ ያዘች። ሴቶቹ ከእጃቸው ውሃ እየተንጠባጠበ ቆመው ጠበቁ። ሕፃኗ ተኝታ ነበር።